ለመካከለኛው ካሜራ ዳኛው ማን ነው?

መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. የጃፓኑ ኒኮን ኩባንያ «ዜድ 5 ሁለት» የሚል ስም ያወጣለትን ካሜራ ለዓለም ገበያ ባስታወቀ ጊዜ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትን እንጀራቸው ያደረጉትም ሆኑ በፍቅሩ ተይዘው ገንዘባቸውን የሚያፈሱበት ሰዎች፣ ገና መሣሪያውን በእጃቸው ሳይዙት፣ እንደ ልማዳቸው በሁለት ወገን ተሰልፈው መከራከር ጀመሩ። ገሚሶቹ፣ በታላላቆቹ በ«ዜድ 8» እና በ«ዜድ 9» ውስጥ ያለው የምስል ማቀነባበሪያ ዋጋው 1,700 ዶላር ወደሚጠጋ ካሜራ መውረዱን እያደነቁ፣ ከእንግዲህ ለሠርግም ለዜናም ከዚህ የሚበልጥ መፈለግ ትርፍ ነው ሲሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሴንሰሩ በፍጥነት የሚያነበው የአዲሱ ዓይነት አለመሆኑን፣ የነጥቡም ብዛት ከቀድሞዎቹ መካከለኛ ካሜራዎች ፈቀቅ ሳይል 24.5 ሚሊዮን ላይ መቆሙን፣ በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 60 ፍሬም ቪዲዮ ሲቀዱበት የምስሉ ዳርና ዳር መቆረጡን እያነሡ አጣጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከፊተኛው «ዜድ 5» ዋጋው በ300 ዶላር መጨመሩም ከነቀፌታው አልተረሳም።

የዚህ ክርክር ማሚቶ ወደ አገራችን ሲደርስ መልኩ ይለወጣል፤ ምክንያቱም የእኛ ፎቶ አንሺ ስለ ሴንሰሩ ፍጥነት ከመጠየቁ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ በላይ ስለ ሆነ፣ በጃፓንና በአሜሪካ «መካከለኛ» የተባለው ይህ ካሜራ ሌንስ ሳይጨመርበት፣ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይታከልበት፣ እንዲያው በምንዛሪው ብቻ ሲሰላ 200 ሺህ ብርን ያልፋል። ስለዚህም የሠርግ ፎቶ አንሺው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞለት ይመጣ እንደሆነ፣ በብዙ ድካም የሰበሰባቸው አሮጌ ሌንሶች በማገናኛ ይሠሩለት እንደሆነ፣ ባትሪው በአንድ ቀን ሠርግ ከሙሽራዋ ቤት እስከ ማታው ድግስ ይዘልቅ እንደሆነ፣ ቢበላሽበትም የሚጠግንለት ባለሙያ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቃል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ ውጭ አገር ከሚደረገው የቁጥር ሙግት ይልቅ ማስተዋል ያለበት ነው። ነገር ግን ይህም ቢሆን የጥያቄው ግማሽ እንጂ ሙሉው አይደለም።

ካሜራው የተበሰረበት ቀን በዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሳምንት፣ በገብር ኄር ውስጥ መዋሉን ልብ ያለ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሳምንት በሚነበበው ወንጌል ጌታው ለአንዱ አገልጋይ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጥቶ መሄዱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰባክያኑም ባለ አምስቱን ሲያወድሱና አንዲቱን መክሊት የቀበረውን ሲገሥጹ ጊዜው ያልቅባቸውና ባለ ሁለቱን በአንድ ቃል አልፈውት ይሄዳሉ። እርሱ ግን ሁለቱን በሁለት ባተረፈ ጊዜ የተቀበለው ምስጋና ከባለ አምስቱ አንዲት ቃል አልጎደለበትም። የመካከለኛውን ካሜራ ነገር ባሰብሁ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ስለ ባለ አምስቱ ሀብት ስንቀና ወይም የራሳችንን ድህነት ስናማርር፣ በእጃችን ባለው ምን እንደምናተርፍበት ሳንጠየቅ ውለን እናድራለን። ለእኛ አገር ምን ይተረፍበታል የሚለውን ለመመለስም ከአዲስ አበባ የፎቶ ቤቶች ወጥቶ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ፣ የጉናን ተራራ ተሻግሮ ወደ ጋይንት መውረድ ያስፈልጋል።

በጋይንት ምድር ያለችው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን በሁለት ነገር የከበረች ናት። አንደኛው ሕንጻዋ ነው፤ እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም ከሰባ ዓመት በፊት በወጣትነቱ የነገሥታቱን ልጆች የግዞት አምባ ፍለጋ ኢትዮጵያን ሲዞር ወደ ስፍራው ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው «የራስላስ ተራሮች» በተባለ መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ከውጭ ለሚያያት እንደ ማንኛይቱም የገጠር ደብር ክብና የሣር ክዳን ያላት መስላ፣ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን በዚያ ክብ ቤት ታቅፎ የተቀመጠ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንጻ ይገኝባታል። የኋለኛው ዘመን ቤት የፊተኛውን ዘመን ቤት እንደ መጎናጸፊያ ሸፍኖ አቆይቶታል ማለት ነው፤ የሸፈነውም ከዝናብና ከነፋስ ብቻ ሳይሆን ከብርሃንም ጭምር ስለ ሆነ፣ ይህን ጥንታዊ ግንብ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻ ሰው የሚገጥመው የመጀመሪያው ባላጋራ ጨለማው ነው። የፍላሽ ብልጭታ በጥንታዊ ቀለም ላይ ደጋግሞ ሲያርፍ እንደሚጎዳው የቅርስ ጠባቂዎች ያስጠነቅቃሉ፤ ከዚህም በላይ በጸሎት ሰዓት በመቅደስ ዙሪያ መብረቅ ማብረቅ ነውር ነው። እንግዲህ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሴንሰር፣ ሰው በዐይኑ ነገርን ለመለየት በሚቸገርበት ድንግዝግዝ ውስጥ ፎከስ ማግኘት የሚችል መሣሪያ፣ የእጅን መንቀጥቀጥ በውስጡ የሚያረጋጋ ካሜራ በመካከለኛ ዋጋ መገኘቱ ቶኪዮ ላይ እንደ ተራ ዜና ቢታለፍ ጋይንት ላይ ግን ተራ አይደለም።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ክብርዋ ድጓ ነው። የዝማሬ መዋሥዕት ሊቅ ለመሆን የሚሻ ተማሪ ወደ ዙር አምባ፣ የአቋቋም ሊቅ ለመሆን የሚሻው ወደ ጎንደር እንደሚሄድ ሁሉ፣ የድጓ ተማሪም በየትኛውም አገር ጉባኤ ቤት ቢማር፣ ትምህርቱን አጽንቶ መምህር ለመባል የሚያስመሰክረው በቤተ ልሔም ነው፤ ከቆማና ከአጫብር ዜማ ጋር ተነጻጽሮ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል የሚዜመው ስልትም ስሙን ያገኘው ከዚህችው ደብር ነው። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው የሚባለው ይህ የዓመቱ ዜማ ስብስብ ለብዙ ዘመን በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ኖሮ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን አካሄድ የሚያመለክቱትን ምልክቶች ሥርዓት እንዳስያዙለት ይነገራል፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ ራስ ላይ በደቂቅ ቀለም ይሰፍራሉ።

የካሜራው ነገርና የድጓው ነገር የሚገናኙት እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት መቆየት ይገባል። ከእነዚህ ምልክቶች ይዘት ነጥብን ይመስላል፤ ርክርክ ተከታታይ ነጥቦችን ይመስላል፤ በብራና ላይ ደግሞ ከዘመን ብዛት የዝንብ ጉድፍ፣ የጠብታ ሰም፣ የጢስ ጠቃጠቆ አይጠፋም። ስለዚህ ድጓን የሚያነሣ ፎቶግራፍ ጉድፉን ከይዘት ለይቶ ካላሳየ፣ ጽሑፉ ምንም ያህል ቢነበብ ዜማው ጠፍቷል። አዲሱ ካሜራ በረጅሙ ጎን 6,048፣ በአጭሩ ጎን 4,032 ነጥብ አለው፤ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ የድጓ ገጽ በረጅሙ ጎን ሞልቶ ቢነሣ በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከ150 የሚበልጥ፣ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትርም 15 ነጥብ ይደርሰዋል። አንዲት ሚሊ ሜትር የምትሆን ምልክት በ15 ነጥብ ከተሳለች፣ ሌንሱ ጥሩ ከሆነና ካሜራውም በእግሩ ላይ ጸንቶ ከቆመ፣ ዳርዋ ለስላሳ ክብ ይሁን ወይም የተበታተነ ጉድፍ በግልጥ ይታያል። ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት ለብራና ቅጂ ከሚጠይቁት ልክም ይህ የራቀ አይደለም። «24 ሚሊዮን ብቻ» እያሉ የሚያቃልሉት ነቃፊዎች የአንድ ድጓ ገጽ ምን ያህል ነጥብ እንደሚሻ አስልተው ቢሆን ኖሮ፣ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ባልጨመሩ ነበር።

ፎቶግራፍና የብራና መጽሐፍ በአገራችን የተገናኙት በመልካም ቀን አይደለም። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ሠራዊት በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት የንጉሣዊ መሐንዲሶቹ ክፍል ካሜራ ተሸክሞ መጥቶ አምባውንም መንገዱንም አነሣ፤ ያው ሠራዊት ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ከ300 የሚበልጡትን ጭኖ ሄደ፤ እነርሱም ዛሬ በለንደን ይገኛሉ። የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ደርሶ በታዋቂዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ሲነሣ፣ በሐዘን የተመላ ገጹ በብርሃን ተቀርጾ ቀረ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በአርመናውያኑ በቦያጂያን ቤተሰብ እጅ አድሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እንደ ሽመልስ ደስታ ባሉ ኢትዮጵያውያን እጅ እስኪገባ ድረስ ይበልጡን የነገሥታትና የመኳንንት ጌጥ ሆኖ ኖረ፤ መጽሐፍን ማዳን ዋና ተግባሩ አልነበረም።

ያን ተግባር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ነው። የእኛው ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍትን በፊልም ያስቀረጹ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለበርካታ ዐሠርት ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊልሙን ገጽ በገጽ እየመረመሩ፣ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ማንነት፣ ዘመንና ይዘት የሚገልጥ ዝርዝር አዘጋጅተዋል። ዛሬ የሺህ ዓመቱን መጽሐፍ ከመቶ ዓመቱ ለይተን የምንናገረው በአብዛኛው እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ስለ ደከሙ ነው። ነገር ግን ያ ፊልም ጥቁርና ነጭ ነበር፤ የቅዱሳኑ ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለም ከጥቁሩ በቀላሉ አይለይበትም። በዚያ ዘመን ቀለሙን ሳያጠፋ፣ ምልክቱን ሳያደበዝዝ፣ በአንድ ሰው ትከሻ ተሸክመውት ጋይንት ድረስ የሚሄዱበት ካሜራ ቢገኝላቸው ኖሮ፣ ሴንሰሩ ፈጣን አይደለም ብለው የሚተዉት አይመስለኝም።

ነገሩ አይቸኩልም የሚል ካለ የቅርቡን ዘመን ያስታውስ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ንፋስ መውጫ ዘልቆ የጋይንት ሕዝብ ያየውን መከራ አይቷል፤ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል ሰላም ጸንቶ አልዋለም። መጽሐፍ ደግሞ ከሰው ቀድሞ የሚሸሽበት እግር የለውም። ከጦርነትም ሌላ እሳት አለ፤ የጣራ ማፍሰስ አለ፤ አይጥ አለ፤ ሌሊት በሩን ሰብሮ የሚገባ፣ በቀንም ቱሪስት መስሎ የሚገባ ሌባ አለ።

ስለ ሌባ ካነሣሁ ዘንድ፣ ካህናቱና የደብሩ ሽማግሌዎች ካሜራ የያዘን ሰው በጥርጣሬ የሚያዩበትን ምክንያት ደፍሮ መናገር ይገባል። ፎቶ አንሺዎች በዚህ ጊዜ «አናስቀርጽም አሉን» እያሉ በሽማግሌዎቹ አለማወቅ ሲያመካኙ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በሽማግሌዎቹ ወገን እቆማለሁ። የመጣው ሁሉ አንሥቶ ይሄዳል፤ ያነሣው ሥዕል በየትኛው አገር በማን ቤት እንዳለ፣ ለገበያ ይውል ወይም ለጥናት፣ የደብሩ ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሌባም የመጽሐፉን መልክና ስፍራ ከሥዕሉ ሊያውቅ ይችላል። ባለቤቱ ምንም ቅጂ ሳይቀርለት እንግዳው ሁሉን ይዞ የሚሄድበት ሥርዓት፣ የጦር መሣሪያ የለበትም እንጂ፣ ከመቅደላው ሥርዓት ብዙ አይርቅም።

ነቃፊዎቹም አድናቂዎቹም ባይጠቅሱት እንኳ፣ በአዲሱ ካሜራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ የዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ሁለት የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ያለው መሆኑ ነው። ካሜራው አንዱን ሥዕል በአንድ ጊዜ በሁለቱም ካርዶች ላይ እንዲጽፍ ሊታዘዝ ይችላል። የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ይህን የሚወዱት አንዱ ካርድ ቢበላሽ የሙሽራዋ ሥዕል እንዳይጠፋ ብለው ነው፤ እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። ሥራው ባለቀ ማታ፣ ፎቶ አንሺው ከደብሩ ግቢ ሳይወጣ፣ አንዱ ካርድ በቄሰ ገበዙ እጅ ይግባ፤ በደብሩ መዝገብም ይፈረምበት። 200 ቅጠል ያለው ድጓ 400 ገጽ ይሆናል፤ በጥሬ ፋይል ሲነሣ እያንዳንዱ ገጽ 30 ሜጋ ባይት ያህል ቢወስድ ጠቅላላው 12 ጊጋ ባይት ገደማ ነው፤ ባለ 64 ጊጋ ባይቱ ተራ ካርድ አንድ ድጓ ብቻ ሳይሆን ጾመ ድጓውንና ዝማሬውን ጨምሮ ይይዛል። ባትሪው ግን አንድ ድጓ አይጨርስም፤ በአንድ ሙሌት የሚያነሣው 400 አይሞላምና ትርፍ ባትሪ መያዝ ግድ ነው፤ መብራት በሌለበት ስፍራ ከፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባንክ በተራ የስልክ ገመድ መሙላት መቻሉ ግን ለገጠር የተሠራ ያስመስለዋል።

ካርድ ብቻውን ማኅደር አይሆንም፤ ዕድሜው አጭር ነውና። ስለዚህ በደብረ ታቦር ያለው የደቡብ ጎንደር ሀገረ ስብከት የካርዶቹን ቅጂ በሁለት ሃርድ ዲስክ ቢያኖር፣ ሌላውንም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቢረከብ፣ እያንዳንዱም ፋይል የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ስምና የቅጠሉን ቁጥር ይዞ ቢመዘገብ፣ የአንድ ካሜራ፣ የአንድ ሌንስ፣ የአንድ የካሜራ እግርና የሁለት ባትሪ ዋጋ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በተራ ይበቃል። ይህን ገንዘብ ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለአንድ የደስታ ድግስ ሲያዋጡት አይተናል። ጊዜውም የተመቸ ነው፤ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ሲሉ፣ አገልግሎቱም በጾመ ድጓ ሲሆን፣ ዋናው ድጓ ከማኅሌቱ ዐርፎ ይሰነብታል፤ ወራቱም በጋ ስለ ሆነ መንገዱ ያስኬዳል። መጽሐፉም ከመቅደሱ ጨለማ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ በር፣ ፀሐይ በቀጥታ ወደማያርፍበት ጥላ ቢወጣ ለካሜራው ከበቂ በላይ ብርሃን አለ።

እንዲህ ከሆነ የካሜራው ጥራት የሚመረመርበትም መንገድ ይለወጣል። የፎቶ ባለሙያው በትንሹ መስኮት እያጎላ የዳሩን ጥራት ይመርምር፤ ሙያው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ግን መሪጌታው ይቀመጡ፤ ሥዕሉ በላፕቶፕ ይከፈትላቸው፤ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሥዕሉ ላይ እያዩ፣ በግእዝም በዕዝልም በአራራይም፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያዚሙት። ምልክቱ ተሰውሮባቸው ከቆሙበት ስፍራ ላይ «ይህችን ድገማት» ካሉ፣ ያቺ ገጽ እንደ ገና ትነሣለች።